ታማሚው አይዋሽም

«ዋሽቷል! ዓይናችን እያየ ዋሽቷል!» አለች ሲስተሯ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ። «‹ዛሬ ጠዋት ነው ያንቀጠቀጠኝ› አላለም? ሁላችሁም ሰምታችኋል። አባይ በረሃ ወርዶ ማሽላ ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ዛሬ ጠዋት ካንቀጠቀጠው ወባ ነው። ወባ አልኩ። ምን አጥፍቼ ነው ዜሮ የሚሰጠኝ?»

«ግርሻ ስለሆነ ነዋ» አለ ድሬሰሩ፣ ቁስል አጣቢውና መርፌ ወጊው። ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ሲያሸንፍ እንዲህ ነው። «ትኩሳቱ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ለቆት ነበር። ዛሬ ተመለሰበት። ቅማል ያመጣበት ግርሻ ነው። እኔ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ።»

«እኔም ጠይቄዋለሁ! ‹መቼ ጀመረህ?› ብዬ ጠይቄዋለሁ!»

«እሱ ጥያቄ አይደለም፣ ሲስተር። ‹እባክህ ዋሸኝ› ብሎ መለመን ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። እኔ መሀል ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ የተውሶ ቡሉኮ ተከናንቤ ጥርሴን አንገጫግጫለሁ። አላመመኝም። ታማሚ ሆኜ እየተጫወትኩ ነበር። ክርክሩ ከተነሳ በኋላም መንቀጥቀጤን ስላላቆምኩ ዶክተሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞር ብሎ «አንተ በቃህ፣ አሁን ዳን» አለኝ።

«ደግሞስ» አለች ሲስተሯ፣ «እሱና ይህ ታማሚ ተብዬ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እራት ላይ ምን እንደሚንሾካሾኩ ማን ያውቃል?»

«ወላሂ አንድ ቃል አልነገረኝም!» አለ ድሬሰሩ። የቄስ ልጅ ነው፤ ግን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሲምል ወላሂ ይላል። «እራት ምን እንብላ ስለው እንኳ ግጥም ነው የሚያነብልኝ።»

እውነቱን ነበር። ስለ በሽታው ምንም አልነገርኩትም።

ከመካነ ሰላም አለፍ ብላ ባለች የገበያ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ እየጠየቅኩ እጽፋለሁ፤ ሰው በሌለ ጊዜ በተበላሹ ካርዶች ጀርባ ላይ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። በአብዮት በዓል መድረክ እየወጣሁ ስለማነብ ግን ከተማው «ገጣሚው» ይለኝ ነበር፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ለማሾፍ። ዶክተሩ ተመድቦልን እንደመጣ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን የካርድ ክፍሉን መስኮት ተደግፎ «ሰው መምሰል ትችላለህ?» አለኝ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የታመመ።»

ውድድሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዶክተሩ አዲስ አበባ ያደገ ቀጭን ወጣት ነበር፣ ብርዳችንን ያልለመደ፤ ሹራቡን ከነጭ ጋውኑ በላይ ይደርባል። እሱ በተማረበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞች እርስ በርስ እንዲህ ይፎካከሩ ነበር አለን። አንዱ በሽተኛ ይሆናል፣ ሌሎቹ እየጠየቁ በሽታውን ያወጣሉ፣ በትንሽ ጥያቄ ቀድሞ ያወጣ ያሸንፋል። «እዚህ ራጅ የለንም» አለ። «ደሴ ሩቅ ነው። መኪናችን አንድ ናት፣ እሷም ክረምት ከጭቃ አትወጣም። ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ያለን መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ እንለማመድ።» የከተማው ካድሬም ወደደው፤ ሶሻሊስታዊ ውድድር ብሎ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ አዳራሹ እንገናኛለን፣ ከጺማሞቹ ፈረንጆች ሥዕል ሥር። አዳራሹ የቆርቆሮ በር ነበረው። ማጠፊያው ስለተነቀለ በሁለት እጅ ብድግ ካላደረጉት አይዘጋም፤ ማንም ብድግ አያደርገውም። ነፋሱ እንደፈለገ ይገባል፤ አንዳንዴ ፍየልም ትገባለች። ዶክተሩ ሐሙስ ዕለት ስለ በሽታው ይነግረኛል። በሽታውን ሰው ማድረግ የእኔ ፋንታ ነው። ከብቱን፣ ሚስቱን፣ ሳሉን፣ ሲጠየቅ የሚያፍርበትን ነገር ሁሉ እሰጠዋለሁ። ከጻፍኳቸው ግጥሞች ሁሉ እነዚያ ታማሚዎች ይሻሉ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ ቤት ለመምታት ብለው የሚናገሩት ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። መስከረም ላይ ግን ከአውራጃው ሁለት ትእዛዝ ተከታትሎ መጣ። አንዱ፣ ደሴ ለሚሰጠው የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና አንድ ሰው አዘጋጁ ይላል። ሌላው፣ ለሰሜን ግንባር አንድ ድሬሰር ስጡ ይላል። ለግንባር የሚሆን ድሬሰር ያለን አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላኛው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ለሥልጠና የተመረጠ ሰው ለግንባር አይጠራም፤ ኮታው ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ይዞራል። ስለዚህ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ድሬሰሩ ደሴ ከሄደ ይተርፋል። ሲስተሯ ከሄደች እሱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ዶክተሩ በራሱ አፍ ለመምረጥ ጨነቀውና «ውድድሩ ይምረጥ» አለ።

የድሬሰሩ ታላቅ ወንድም ከዚያ በፊት ሰሜን ሄዶ ቀርቷል። ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። አባቱ በከላላ በኩል ጸበል ያለበት ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ስንቱን ሙት ፈተው፣ ለገዛ ልጃቸው ተዝካር ያውጡ ወይስ አያውጡ ሳይቆርጡ እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። አንድ ጊዜ ለገበያ መጥተው እኛ ቤት ሲያድሩ «ሞቷል ብል በቁሙ የቀበርኩት ይመስለኛል፤ አለ ብል ነፍሱን ያስራብኳት ይመስለኛል» አሉን። ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ ተነስቶ የመብራቱን ክር አሳጠረ።

ሲስተሯም ክፉ ሰው አልነበረችም። አፏን በቅጡ ያልፈታች ልጇን ደሴ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የተመደበችው። ልጅቷ አያቷን «እማ» እሷን «እቴቴ» ማለት ጀምራለች አሉ። ይህን የነገረችን እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

የዚያን ዕለት ጠቡ እንግዲህ ስለ ግርሻ አልነበረም።

ሰው ለምን እንደሚዋሽ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ገበሬ ማኅበሩ በዚያ ዓመት በጎጂ ልማድ ላይ ዘምቷል። በሽተኛውን ጸበል ወይም ሼኹ ቤት አቆይቶ ጤና ጣቢያ ያዘገየ ሰው የእርከን ሥራ ይጨመርበታል። እኛም ከገበሬ ማኅበሩ አንሻልም፤ «እስካሁን የት ነበራችሁ? ስትገድሉት ነው የምታመጡት?» እያልን በሩ ላይ እንጮህባቸዋለን። ስለዚህ ቃሬዛ የተሸከመ ሁሉ ደጃችን ሲደርስ አንድ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ዛሬ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ነው የጀመረው።»

ድሬሰሩ መቼ ጀመረ ብሎ አይጠይቅም ነበር። ቃሬዛው ከትከሻ ወርዶ ሰዎቹ ላባቸውን ሲጠርጉ ውኃ ያቀርብላቸውና «በርቱ! የት አደራችሁ?» ይላል። የአገሩ ሰው ይህን ሲጠየቅ መካድ አይችልም። ስለ በሽታ ሲጠየቅ የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ማደሪያ ሲጠየቅ እንግድነቱ ትዝ ይለዋል፤ ያሳደረውን ሰው ሳያመሰግን ቢያልፍ ነውር ነው። «እከሌ ቤት አደርን፣ እግዜር ይስጠው፣ አልጋውን ለቆልን» ይላል። «ከዚያ በፊትስ?» «ከዚያ በፊትማ እከሌ ዘንድ...» እንዲህ እያለ ከአንዱ ምስጋና ወደ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በሽታው እስከጀመረበት ቀን ድረስ። ማንንም ሳያስፈራራ፣ ማንንም ሳያሳፍር።

እኔንም በዚያው ነው የያዘኝ። ቡሉኮዬን እየጎተትኩ ስንቀጠቀጥ «ጋሼ፣ ከበረሃ ሲወጡ የት አደሩ?» አለኝ። የሠራሁት ሰውዬ ደግሞ ጨዋ ገበሬ ነው፤ ያሳደረውን አይክድም። ጸበልተኞች ቤት ብዬ መለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ መጠመቄም፣ ከጸበልተኞቹ ያመጣሁት ቅማልም ተከታትሎ ወጣ።

«ዶክተር፣ ይፍረዱኝ» አለች ሲስተሯ። «ሕክምና የምንማር ከሆነ የመጽሐፉን እንማር። ታማሚው የሚዋሽ ከሆነ ፈተናው የውሸት ፈተና ነው።»

ዶክተሩ ጠመኔውን በጣቱ አዟዟረ። በመጨረሻ «ልክ ነሽ» አለ። «ደሴ ያለው ፈተና በወረቀት ነው። ወረቀት አይዋሽም። የዛሬው ተሰርዟል።» ከዚያ ዞሮ ጥቁር ሰሌዳው አናት ላይ በጠመኔ ጻፈ፤ ታማሚው አይዋሽም።

«እዚህ አገር ግን ይዋሻል፣ ዶክተር» አልኩት።

«አንተ አትዋሽም» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ‹ዛሬ› ካልክ ዛሬ ነው።»

ጽሑፉን ማንም አላጠፋውም። በየሳምንቱ ከሥሩ ሌላ ይጻፋል፣ ይጠፋል፤ እሱ ግን እንደተጻፈ ከረመ።

ድሬሰሩ ለሁለት ቀን ተቆጣ፤ ከዚያ ሥራ ጀመረ። እሱ መቼም ከተሸነፈ እንቅልፍ የለውም። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ላይ «በል፣ ታመም» ይለኛል። እየተራመድኩ እታመማለሁ፣ እየተራመደ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ላይ ከአፉ የሚቀድመው ያው የማደሪያው ጥያቄ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ ያስቀንሳል፤ እውነቱ በነፃ በሚሰጥበት ጨዋታ ማደሪያ መጠየቅ ነጥብ ማባከን ነው። ስለዚህ ተወው። ሲጠይቅ ምላሱን ነክሶ ሲያቆም አየው ነበር፤ በኋላ መንከስም አላስፈለገውም። መቼ፣ የት ላይ፣ ምን ይጨምረዋል፣ ምን ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በሽታው። እንደ ወፍጮ ቤት ቀበቶ ይፈጥን ጀመር። ሲስተሯን ደረሰባት፣ አለፋት። ጥቅምት ሲጋመስ የቀረው አንድ ውድድር ብቻ ነበር፣ እሱም በጥቂት ነጥብ ይመራል። አባቱ ዘንድ «ጸልዩልኝ፣ ደሴ ልገባ ነው» ብሎ ላከ።

የገበያ ቀን ነበር። ዶክተሩ በመኪናችን ደሴ ለስብሰባ ሄዷል፤ ሲስተሯ ለክትባት ገጠር ወርዳለች። ጤና ጣቢያው በድሬሰሩ እጅ ነው። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ የቃሬዛውን ሰዎች ከሩቅ አየኋቸው፤ የገበያውን ሰው እየገፉ ሲመጡ በጎቹ መሀል ለመሀል ተከፈሉላቸው። በከላላ በኩል የመጡ ናቸው። ቃሬዛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት አለች። ከኋላቸው የገበሬ ማኅበራቸው ሊቀመንበር ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ይከተላል፤ ለገበያ ሲወጣ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ነው።

ካርድ ሊያወጣላት የመጣው ባሏ ነው። ስሟን ነገረኝ፣ ዕድሜዋን ገመተልኝ፣ ቀበሌውን ሊቀመንበሩ ነገረኝ። የምርመራው ክፍል ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስለሆነ የተባለውን ሁሉ እሰማለሁ።

«መቼ ጀመራት?» አለ ድሬሰሩ።

«ዛሬ ንጋት ላይ ነው፣ ጌታዬ። ትናንት እሸት በልታ ነበር፣ የባቄላ እሸት። ንጋት ላይ ሆዷን ቆረጣት፣ አስመለሳት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተመስገን፣ ሕመሙ ተወት አድርጓታል። መንገድ ላይ ስትጮህ ነበር፤ አሁን ዝም ብላለች።»

«ሰገራ ተቀምጣለች? ወጥቶላታል?»

ባልየው ወደ ሊቀመንበሩ ጠመንጃ አየ። ስለ ሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር ወንድ ፊት ተጠይቆ አያውቅም። «ደህና ናት» አለ።

ድሬሰሩ ሆዷን ዳሰሰ። ተነፍቷል። እሸት የበላ ሆድ ይነፋል። ቀና ሲል በበሩ በኩል አየኝና ሦስት ጣቱን አወጣልኝ። በሦስት ጥያቄ አወጣሁት ማለቱ ነበር። ፊቱ እንደ ልጅ ያበራ ነበር፤ ያንን ፊት እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጣቶቹን አብሬ አስታውሳለሁ።

«አብሽር» አለው ባልየውን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «እሸት ነው። የቁርጠት መድኃኒት እሰጣታለሁ፣ እዚሁ ትተኛ። ነገ በእግሯ ትገባለች።»

ትንሽ ቆይቶ ወደ ደሴ የሚሄደው የእህል መኪና አጥራችን ጋ ቆመ። ሹፌሩ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ መኪናችን በሌለ ቀን ሳይጠይቅ አያልፍም። «ድሬሰር!» አለ አንገቱን አውጥቶ። «የምትልከው በሽተኛ አለህ? ጋቢናው ባዶ ነው!»

«የለኝም! በሰላም ግባ!»

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ተከታዩ የሚመጣው በሚቀጥለው ገበያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ሴትየዋ ሞታ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጥቁር ነገር አስመልሷት፣ ላብ አጥምቋት፣ ያለ ጩኸት ነው የሄደችው። የሰፈር ሴቶች ሊገንዟት መጥተው ሲያነሷት፣ ከራስጌዋ በነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ቅል ወጣች። አንዷ ከፍታ አሸተተቻት። ጸበል ነበር።

ድሬሰሩ ቅሏን ከሴትየዋ እጅ ተቀበለ። ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ድሬሰሩ አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ አልጮኸበትም።

«ሱባኤ ገብታ ነበር?»

«ገብታ ነበር» አለ ባልየው። «መጀመሪያ ሆዷን ያዝ ለቀቅ ሲያደርጋት ነው የገባችው። እዚያ እያለች ተነፋች፤ ምንም አልወጣላት አለ፣ ፈስም። ቀንና ሌት ጮኸች። ቄሱ ራሳቸው ‹ሱባኤው ይቅር፣ ተሸክማችሁ ልጄ ዘንድ ውሰዷት› አሉን። ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ ባላገኘው ኖሮ ከበር ላይ እነግርህ ነበር። እሱ ባለበት ግን እንዴት ብዬ?»

ለድሬሰሩ የገባው አሁን ነው። የተጠማዘዘ አንጀት ብዙ ቀን ጮኾ ጮኾ በመጨረሻ ሕመሙ ከቆመ፣ የቆመው አንጀቱ ስለሞተ ነው። ያንን ከዶክተሩ ተምሯል፤ እኔ ራሴ ባንዱ ዓርብ እንዲህ ያለ ታማሚ ሆኜ፣ እሱ ነበር ያወጣው። ‹ዛሬ ንጋት ላይ ጀመራት› ሲባል ግን የሕመሙ መተው መዳን ይመስላል።

«‹የት አደራችሁ› ትለኛለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር» አለ ባልየው። «ቄሱ ነግረውኛል። ‹ልጄ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ቤቴ ማደራችሁን ንገረው፣ ይገባዋል› ብለውኛል። አባትህ ቤት አደርን ማለት ሊቀመንበሩ ፊትም አያስቀጣኝም። አፌ ላይ ነበር። ሳትጠይቀኝ ቀረህ።»

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሮ «ጸበል ነበረች ማለት ነዋ» አለ። ለማንም አልነበረም ያለው፣ ለራሱ ነው። ከዚያ ባልየውን «የእርከኑ ነገር ከቀብሩ በኋላ ይታያል» ብሎት ወጣ።

ያመጧት ሰዎች ሬሳዋን በዚያው ቃሬዛ መልሰው ተሸከሙ። ድሬሰሩ እስከ ከተማው ዳርቻ ድረስ ከፊት በኩል ተሸክሞ ሸኛቸው። ሲመለስ ትከሻው ላይ የቃሬዛው ገመድ አቧራ ነበረ። አልጠረገውም። በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ «ታመም» አላለኝም።

ዶክተሩ ሐሙስ ተመለሰና የሴትየዋን ካርድ ከእኔ ወስዶ አነበበ፤ የሆነውን ሁሉ ከእኔም ከሽማግሌው ድሬሰርም ሰማ። ድሬሰሩን ጠርቶ አልተቆጣውም። ማታ ላይ ለዓርቡ የሚሆን በሽታ እንዲነግረኝ ስጠብቅ «ነገ እሷን ትጫወታለህ» አለኝ።

«ማንን?»

«ሴትየዋን። ባልየውን ሁን፣ የሚያወራው እሱ ነው።»

«ዶክተር፣ እሱ እዚያ ይቀመጣል እኮ። ሊወዳደርበት?»

«ሌላም እንደሷ ያለ ይመጣል» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። «ነገ ባንማርባት መቼ ልንማርባት ነው? ሁለቱም እኩል ይጠይቁ። እሱ መልሱን ቢያውቅም ልጠቅመው ነው እንጂ ልጎዳው አይደለም። ያሸንፋል፣ ደሴ ይሄዳል፣ ደሴ ይማራል። ሌላ ምን ላድርግለት?»

ያኔ ነው የገባኝ። እንደ እሱ አስተሳሰብ ለድሬሰሩ ምሕረት ማድረጉ ነበር።

ዓርብ አዳራሹ ከወትሮው ይበልጥ ሞላ። ካድሬውም መጥቷል። ነፋሱ በሩን ከግድግዳው ጋር ያማታዋል። ድሬሰሩ ወንበሩን በአራት እግሩ አቁሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲስተሯ ከገጠር የተመለሰችው በዋዜማው ነው፤ ከሌሎቹ ሰምታለች። ወደ እሱ አላየችም።

በርጩማዋ ላይ ከመቀመጤ በፊት «ዶክተር፣ እንደተባለው ልናገር ወይስ እንደሆነው?» አልኩ።

ዶክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ታማሚው አይዋሽም የሚለው እዚያው ነው። በሹራቡ እጅጌ ጠረገው፤ ጥርት ብሎ አልጠፋም፣ ነጭ ደመና ሆነ። «እንደተባለው ተናገር» አለ።

ተቀመጥኩ። የባልየውን ድምፅ ማውጣት አልከበደኝም፤ ይልቅ የከበደኝ ቀላል መሆኑ ነው። «ዛሬ ንጋት ላይ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «ትናንት እሸት በልታ ነበር...» እስከ «ደህና ናት» ድረስ ሳላዛንፍ አልኩት። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የበሩ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

«ማን ይጀምራል?» አለ ዶክተሩ ድሬሰሩን እያየ። ድሬሰሩ እጁን ከጉልበቱ አላነሳም።

«ሲስተር?»

ሲስተሯ ተነሳች። መሬት መሬት ታያለች። መሃረቧን በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። ጥያቄውን ታውቀዋለች። ዜሮ ያሰጣት እሱ ነው፣ በጮኸች ጊዜ ያስሰረዘችውም እሱን ነው፤ አሁን ግን ከእሱ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ልጇ እቴቴ ማለቷን አስባ ይሆናል። እንጃ።

«የት አደራችሁ?» አለችኝ። ቀስ ብላ።

 የማየው ድሬሰሩን ነበር፤ እሱም እኔን። ለመዋሸት ፈለግኩ። የተጫወትኩት ሰውዬ ግን ያሳደሩትን አይክድም።

«ጸበሉ አጠገብ፣ ቄሱ ቤት» አልኩ። «አልጋቸውን ለቀውልን። እግዜር ይስጣቸው።»

«አንጀቷ ተጠምዝዟል» አለች ሲስተሯ፣ አሁንም ወደ መሬት እያየች። «ሞቷል። ሕመሙ የተዋት ለዚያ ነው። ዛሬውኑ ደሴ መላክ አለባት።» ተቀመጠችና ፊቷን በመሃረቡ ሸፈነች።

ዶክተሩ ነጥቡን አልጻፈም። «አንተም ጠይቅ» አለው ድሬሰሩን። «ገና አላለቀም። ከእሷ በነጥብ እየመራህ ነው። አንድ ነገር ጠይቅና መልሱን በለኝ። ይበቃል።»

ድሬሰሩ ተነሳ። ከአንገቱ ማዳመጫውን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

«የምጠይቀው የለኝም፣ ዶክተር።»

«ከወጣህ ውድድሩን ለቀሃል ማለት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ካድሬው ለግንባሩ የሚሰጠውን ስም ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ። ድሬሰሩ በወንበሮቹ መሀል አለፈ፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ቡሉኮው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ነበርና ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አለበሰኝ፣ እንደ እውነተኛ በሽተኛ። ከዚያ ወጣ። ከውጭ ሆኖ ያንን የተነቀለ በር በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ፣ ቆርቆሮው ሳይጮህ፣ ዘጋው።